ሞኬቱን አንስተን ምን እናንጥፍ? ውሻና ድመት ያለበት ቤት፣ ድሬዳዋ

የሳቢያን ቤት

ሰላም ለሁላችሁ። ሳቢያን ያለው የቤተሰብ ቤታችን ሳሎኑም ሁለቱ መኝታ ቤቶችም ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በኮላ የተለጠፈ ሞኬት ነው። አንድ ትልቅ ውሻ (የጀርመን ሼፐርድ ክልስ፣ እያረጀ ያለ) እና ሁለት ድመቶች አብረውን ይኖራሉ። አንዷ ድመት ደግሞ ጥግ እየመረጠች መሽናት ለምዳለች። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቤቱ ቀኑን ተዘግቶ ውሎ ማታ ሲከፈት ሽታው ዓይን ያቃጥላል። በሳሙና አጥበነዋል፤ ነቅለን ፀሐይ እንዳናሰጣው ተለጥፏል። ይነሳ ተብሎ ተወስኗል፤ ክርክሩ ምን ይተካው ነው።

ወንድሜ የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ይላል። እናቴ ፕላስቲክ ምንጣፍ ይበቃል ትላለች። እኔ እንጨት የሚመስለውን፣ ኤስፒሲ የሚሉትን አይቼ ልቤ ሸፍቷል። የምንፈልገው ሽንት የማይጠጣ፣ ጥፍር የማይቧጭረው፣ ሽማግሌው ውሻ የማይንሸራተትበት፣ የድሬን ሙቀት የሚችል ወለል ነው። ቤቱ ብሎኬት ነው፣ ሞኬቱ ስር ሊሾ አለ። ልምድ ያላችሁ ንገሩኝ። «ውሻውን ውጭ እሰሩት» የሚለውን ምክር ግን አልፈልግም፤ እሱን እቤት በነፃ አገኘዋለሁ።

ፉርጎ

አቦ ድሬ ላይ ሞኬት! ማነው የለጠፈው? እኛ ሰፈር ሙቀቱ ሲመጣ ሰው ራሱ ፍራሹን ትቶ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ነው የሚጋደመው።

የሳቢያን ቤት

አክስቴ ናት፣ ካናዳ ነው የምትኖረው። በደግነት ነው ያደረገችው፣ ተዋት።

ባለ ውሃ ልክ

ሥራዬ ሴራሚክና ቴራዞ ማንጠፍ ስለሆነ ለሙያዬ ባደላ አትፍረዱብኝ።

ከ«ምን ላንጥፍ» በፊት «ስሩ ምን ሆኗል» ይቅደም። ድመቷ ያበላሸችው ሞኬቱን ብቻ አይደለም። ሽንቱ ጨርቁን አልፎ፣ ኮላውን አልፎ ሊሾው ውስጥ ገብቷል። ሲሚንቶ ውሃ ይጠጣል፣ ሽንትም እንደዚያው። ሳይጸዳ ላዩ ላይ የፈለጋችሁትን ውድ ሴራሚክ ብትደርቡ ሽታው በመጋጠሚያውና በዞኮሎው (ግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን በሚለጠፈው ጠርዝ) ስር እየሾለከ ይወጣል። ከዚያ ባለቤቱ ሴራሚኩን ይራገማል፤ ጥፋቱ የሴራሚኩ አይደለም።

ሞኬቱን በቢላ በጠባብ በጠባቡ እየሸነሸናችሁ ንቀሉ። የቀረውን ኮላ በስፓቱላ ፍቁት። ከዚያ ማታ መብራት አጥፍታችሁ፣ ሐሰተኛ ብር የሚለዩባትን ወይን ጠጅ ብርሃን ያላትን ትንሽ ባትሪ ይዛችሁ ወለሉን እዩት (ታይዋን ገበያ አትጠፋም)። የቆየ ሽንት በዚያ ብርሃን ይታያል። የታየውን በጠመኔ ክበቡት። ቦታው ከምታስቡት በላይ ሰፊ እንደሚሆን ከአሁኑ እወቁት።

የተከበበውን በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና፣ በጠንካራ ብሩሽ ፈትጉት። ውሃውን በጨርቅ ምጠጡት፤ እየገፋችሁ ወደ ሌላ ጥግ አትውሰዱት። ድገሙት። ከዚያ መስኮት ከፍታችሁ አናፍሱት፤ ለዚህስ የድሬ ሙቀት ይመስገን። ደርቆም የሚሸት ቦታ ካለ ያንን ሊሾ ቀርቅሮ አውጥቶ እንደገና መሙላት ነው። ሊሾ ስስ ነው፣ ጥግ ላይ አንድና ሁለት ካሬ መቀርቀር ለግንበኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በኋላ ሴራሚክ ከመንቀል ይሻላል።

ወደ ምርጫው ስመጣ፣ ለእናንተ ቤት የምመርጠው ደብዛዛ ፖርሰሊን ነው። «ሴራሚክ» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ እንዳይመስላችሁ። ፖርሰሊን የሚባለው ውሃ የመጠጣት አቅሙ ከክብደቱ 0.5 በመቶ የማይበልጠው ነው። የግድግዳ ሴራሚክ ግን ከ10 በመቶ በላይ ይጠጣል። ሱቅ ስትገቡ ሻጩን አትጠይቁት፤ ሴራሚኩን ገልብጡና ጀርባው ላይ ውሃ ጠብ አድርጉ። ጠብታው ወዲያው ከተመጠጠ ለወለል አትውሰዱት። ጠብታው እንደ ቆመ ከቆየ ጥሩ ነው። ካርቶኑ ላይ ፒኢአይ የሚል ቁጥር ካለም እዩ፤ ከ1 እስከ 5 ነው፣ የላዩ መስታወት መሳዩ ንጣፍ መፋቅን ምን ያህል እንደሚችል ይናገራል። ውሻ ላለበት ሳሎን ከ4 አትውረዱ።

ወንድምሽ የሚያብለጨልጨውን ለምን እንደወደደው ይገባኛል፣ ሱቅ ውስጥ መብራት ሲያርፍበት ያምራል። ድሬ ላይ ግን ሁለት ጠላት አለው። አንደኛው አሸዋ ነው። የውሻ ጥፍር ፖርሰሊን አይቧጭርም፤ የሚቧጭረው በመዳፉ ይዞት የሚገባው አሸዋ ነው፣ ደቃቁ የኳርትዝ አሸዋ ከፖርሰሊኑ ንጣፍ በጥንካሬ አያንስም። ሁለተኛው ውሃችን ነው። የድሬ ውሃ ኖራ የበዛበት መሆኑን ማንቆርቆሪያችሁን አይታችሁ ታውቃላችሁ። ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ወለል በዚያ ውሃ ተወልውሎ ሲደርቅ ነጭ ደመና ያወጣል፣ በየቀኑ በደረቅ ጨርቅ ካላሻችሁት አይለቅም። ደብዛዛና አመድማ ወይም የአሸዋ መልክ ያለው ይህን ሁሉ ይሸፍናል።

የሳቢያን ቤት

የውሃ ጠብታውን ነገር ማንም ነግሮኝ አያውቅም፣ እግዜር ይስጥልኝ። መጋጠሚያውስ? ጎረቤቶቻችን ጋ ሴራሚኩ ንጹህ ሆኖ መስመሩ ግን ጠቁሯል።

ባለ ውሃ ልክ

እሱ ነው ዋናው። ሽንት ሴራሚክ ውስጥ አይገባም፣ የሚገባው በመስመሩ ነው። ነጭ ሲሚንቶ በውሃ በጥብጦ መጋጠሚያ መሙላት የኛ አገር ልማድ ነው። ርካሽ ነው፣ ግን ይጠጣል፣ ይጠቁራል፣ ይሸታል። ኢፖክሲ የሆነ (ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ መሳይ) መሙያ ካገኛችሁ እሱ ምንም አይጠጣም። ዋጋውም ሥራውም ከበድ ይላል፤ ቶሎ ስለሚደርቅ በትንሽ በትንሹ ነው የሚበጠበጠው፣ ለምዶት የማያውቅ ሰው እጅ ላይ ወለሉን ያበላሻል። ካልተገኘ የፋብሪካ ግራውት (ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የመጋጠሚያ መሙያ) ግዙ፣ መልኩ ግራጫ ይሁን፣ በደንብ ከደረቀ በኋላ ማሸጊያ ይቀባ።

ሴራሚኩ ትልቅ ሲሆን መስመሩ ያንሳል። 60 በ60 ከ30 በ30 ጋር ሲነጻጸር የመስመሩን ርዝመት በግማሽ ይቀንሰዋል። ግን ትልቁ ወለሉ ልክ እንዲሆን ይፈልጋል። ደግሞ «ያለ መስመር አጣብቄ እሠራላችኋለሁ» የሚል ሰው ካገኛችሁ አመስግናችሁ ሸኙት። 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ግዴታ ነው፤ በግድግዳው ዙሪያም ትንሽ ክፍት ቦታ ይቀራል፣ ዞኮሎው ይሸፍነዋል። በሙቀት ሁሉም ነገር ይለጠጣል፣ መውጫ ሲያጣ መሃል ላይ ተነስቶ ይቆማል።

ደቻቱ ማዶ

ሁላችሁም የምትገርሙ ናችሁ። ሞኬቱ ስር ሊሾ አለ እያለቻችሁ እኮ ነው! ሊሾውን አጽድተው፣ አስተካክለው፣ ቀይ ቀለም ገብቶበት እንደገና ቢለሰን ምን ጎደለው? እናቴ ቤት ያለው ሊሾ እኔ ሳልወለድ የተሠራ ነው። ውሻ አድጎበታል፣ ፍየል ታርዶበታል፣ ልጅ ተወልዶበታል። በ1998ቱ ጎርፍ ጊዜ (ሐምሌ ማለቂያ ላይ ነበር፣ የሞቱትን ነፍስ ይማር) ውሃው ገብቶ ወጣ። ጭቃውን በአካፋ ጠርገን፣ አጥበን፣ ተመልሰን ገባንበት። የተበላሸው አልጋና ቁም ሳጥን ነው፤ ወለሉ ያው ወለል ነው። ከወንዙ አጠገብ የሚኖር ሰው እንጨት መሳይ ምናምን ሲያነጥፍ ሳይ ይገርመኛል።

ዋጋውን ደግሞ አስቡት። ሲሚንቶ ነው፣ አሸዋ ነው፣ የአንድ ጎበዝ ልሳኝ እጅ ነው። ሲሚንቶ ፋብሪካው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው።

ባለ ውሃ ልክ

ደቻቱ፣ ሊሾን አልጠላም፣ አባቴም ልሳኝ ነበር። እናትህ ቤት ያለው ሊሾ ጥሩ የሆነው እናትህ በሰም ስለምታሸው ነው፣ ጠይቃት። ሰም ያላየ ሊሾ ድመት ሲሸናበት እድፉ አይወጣም። እዚህ ቤት ደግሞ ችግሩ አንዴ ገብቷል፣ ያው የጠጣው ሊሾ ነው።

ገንዘብ ካጠረ ግን ያንተ ሐሳብ ሁለተኛው ምርጫ ነው። አጽድቶ፣ ስንጥቁን ሞልቶ፣ በኢፖክሲ ቀለም መሸፈን ይቻላል። መስመር የሚባል ነገር የለውም፣ ሽንት የሚገባበት የለም። ስሩ እርጥብ ወይም አቧራማ ከሆነ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል፤ አዲስ ሊሾ ከሆነም ቢያንስ 28 ቀን ይቆይ። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ቦታ ላይ ቢጫ ይላል።

ጀጎል ጥግ

ከሐረር ነው። እናንተ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናችሁ፣ እኛ ወደ 1,900። አንድ ሰዓት ገደማ በሚሆን መንገድ የአየሩ ጠባይ ይለወጣል፣ ስለዚህ ይህን ክር የሚያነብ የሐረር ሰው የድሬን መልስ እንዳለ እንዳይወስድ። እኛ ጋ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሴራሚክ ላይ በባዶ እግር ቆማችሁ እዩት። ወጣት ውሻ ግድ የለውም፣ ሽማግሌ ውሻ ግን ጠዋት ሲነሳ ይሰበሰባል። ሴራሚክ አድርገን የሚተኛበት ቦታ ላይ ወፍራም፣ የሚታጠብ ልባስ ያለው ፍራሽ ጣል አድርገንለታል።

እግረ መንገዴን፣ ጀጎል ውስጥ ጌይ ጋር (ባህላዊው የሐረሪ ቤት) ላላችሁ፦ ነደባው (ከፍ ብሎ የተሠራው መቀመጫ መደብ) እና ወለሉ ቀይ የሆነበት ምክንያት አለው፤ አባቶቻችን በጥር 1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ። ሰው ጫማውን አውልቆ ይገባል፣ ስጋጃው ነደባው ላይ ይነጠፋል፣ ሲቆሽሽ ተነስቶ ይራገፋል። ይህን ቤት «ላዘምን» ብላችሁ ሴራሚክ አትደርድሩበት። ጀጎል የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ያለ ከተማ ነው፣ ከመንካታችሁ በፊት የቅርስ ቢሮውን ጠይቁ። የኛ ድመቶች ደግሞ ከነደባ ነደባ እየዘለሉ ነው የሚያድጉት፤ ቆሻሻቸውን ግቢ ወርደው ነው የሚጨርሱት፣ ምክንያቱም በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው።

ፉርጎ

ዋርያ ጅቦቹስ? ለእነሱ ምን አነጠፋችሁ?

ጀጎል ጥግ

ይህን ቀልድ ከድሬ ልጅ ስንሰማ ስንት ዓመታችን ነው አቦ። አዲስ ፈልግ።

የእንስሳት ጤና

ስለ ወለሉ ባለ ውሃ ልክ ጨርሶታል። እኔ ከእንስሳቱ ጎን ልናገር፣ ሥራዬ እሱ ስለሆነ።

መጀመሪያ ድመቷ። የምትጸዳዳበትን ሳጥን ትታ ጥግ መሽናት የጀመረች ድመት ብዙ ጊዜ ወይ ታማለች ወይ ሳጥኗን ጠልታለች። የሽንት መስመር ሕመም ያላት ድመት ሳጥኑን ከሕመሙ ጋር ታያይዘዋለች፣ ስለዚህ ትሸሸዋለች። ወለል መቀየር ይህን አይፈታውም፤ አዲሱ ሴራሚክ ላይም ያው ጥግ ትሄዳለች። ሐኪም ይያት። (ወንድ ድመት ያላችሁ ደግሞ፦ እያማጠ ሽንት ጠብ የማይልለት ከሆነ ያ የዛሬ ጉዳይ ነው፣ ለነገ አይባልም።) ጤነኛ ከሆነች ሳጥን ጨምሩላት። ልምዱ ለድመቶቹ ቁጥር አንድ ጨምሮ ነው፤ ለሁለት ድመት ሦስት ሳጥን፣ በተለያየ ቦታ።

ሁለተኛ፣ ማጽጃ። በረኪና ሽንት ላይ አታፍስሱ። ሽንት ሲቆይ አሞኒያ ይሆናል፣ አሞኒያና በረኪና ሲገናኙ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል፤ ድሬ ውስጥ በተዘጋ ክፍል ይህን መሞከር ራስን መጉዳት ነው። በረኪናና አቼቶ መቀላቀልም እንደዚያው አደገኛ ነው። አሞኒያ ያለበት ማጽጃም አይሆንም፣ ለድመቷ «እዚህ ሽኚ» የሚል ምልክት ነው። ፌኖል ያለባቸው ጠንካራ ፀረ ተህዋስያን (ውሃ ሲነኩ ወተት የሚመስሉት አብዛኞቹ) ለድመት መርዝ ናቸው። ወለሉ ላይ ረግጣ መዳፏን ትልሳለች።

የድመት ሽንት ሽታ ለምን በሳሙና አይለቅም ለምትሉ፣ ውስጡ ዩሪክ አሲድ የሚባል ውሃ የማያሟሟው ነገር አለ። ደርቆ ይተኛል፣ እርጥበት ሲያገኝ ሽታው ይነሳል። ለዚህ ነው ዝናብ በጣለ ማግስት «ጸድቶ ነበር እኮ» የምትሉት። የሚፈታው ኢንዛይም ያለበት ማጽጃ ነው። ካላገኛችሁ ከመድኃኒት ቤት 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ገዝታችሁ፣ ቤኪንግ ሶዳና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ቀላቅላችሁ ወዲያው ተጠቀሙበት። ቀላቅላችሁ ጠርሙስ ውስጥ አትዝጉት፣ ጋዝ ስለሚያወጣ ጠርሙሱ ይፈነዳል።

ሦስተኛ፣ ሽማግሌው ውሻ። ሼፐርድ በዘሩ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ያጠቃዋል። የሚያብለጨልጭ ወለል ላይ የኋላ እግሮቹ ወደ ጎን ይከፈቱበታል፣ ለመነሳት ሲታገል ያቆስለዋል፣ ከዚያ መነሳቱን ይተወዋል። ጥፍሩ አጭር ይሁን፣ በመዳፉ መካከል ያደገው ፀጉር ይቆረጥ። ከሚተኛበት እስከ ውሃ ሳህኑ፣ ከዚያ እስከ በሩ ድረስ ጀርባቸው ላስቲክ የሆነ፣ የሚታጠቡ ጠባብ ምንጣፎች ጣሉለት። ወለሉ ሲመረጥም መንሸራተትን መቋቋሙ የሚለካበት አር የሚል ደረጃ አለ፤ አር 10 ለእናንተ ቤት ይስማማል። ከዚያ በላይ የሆነው ሸካራ ነው፣ መወልወያ ጨርቅ ይቀድዳል።

ቁንጫ ካለ ደግሞ ሞኬቱ በመነሳቱ ትልቁ ሥራ ተሠርቷል። እንቁላሉ ከእንስሳው ላይ ረግፎ ጨርቁ ውስጥ ነው የሚያድገው። ግን ለውሻ የሚሆነውን የቁንጫ መድኃኒት ድመቷ ላይ አታድርጉ። ፐርሜትሪን ያለበት ከሆነ ይገድላታል።

የመጋላ እናት

አልሐምዱሊላህ ድመት የሌለበት ቤት አልኖርኩም። እኔ ልንገርሽ ልጄ። ድመት በስጋጃ ላይ ብትሄድ አያስጨንቀንም፣ ሽንቷ ግን ነጃሳ ነው። ሞኬት ላይ ከሸናች ያንን እንዴት አድርጌ አጥርቼ እሰግዳለሁ? ተለጥፏል፣ አይነሳም፣ ውሃ ቢፈስበት አይወርድም። ሴራሚክ ሲሆን ሽንቱን ትጠርጊያለሽ፣ ውሃ ታፈሺበታለሽ፣ አለቀ። መስገጃው ለብቻው ተጠቅልሎ ይቀመጣል።

ውሻ ያላቸው ጎረቤቶቻችን በረንዳ ላይ ነው የሚያኖሩት፣ ምራቁ ከነካ ሰባት ጊዜ ማጠብ አለና፣ አንዱ በአፈር። አንቺ ቤት እንግዳ ሲመጣ የሚሰግድ ካለ አንዱን መኝታ ቤት እንስሳ የማይገባበት አድርጊው፤ እንግዳ ማክበር ነው።

አንድ ጥያቄ ለባለሙያው፦ ውሃ እንዲወርድ ሳሎኑ ወደ በረንዳው ትንሽ ዘንበል ቢል ምን አለበት?

ባለ ውሃ ልክ

እናቴ፣ በረንዳና መታጠቢያ ቤት ላይ በ1 ሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ዘንበል አደርጋለሁ። ሳሎን ላይ ግን አላደርገውም፤ ቡፌው ይወላገዳል፣ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፣ ስምንት ሜትር ሳሎን ላይ ስምንት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ይሆናል። ለሳሎን ልክ ይሁንና ውሃውን መግፊያ ላስቲክ ይውሰደው። የድመቶቹ ሳጥን የሚቀመጥበትን ጥግ ግን ዞኮሎውን ከፍ አድርጌ፣ ግድግዳውን እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ሴራሚክ አለብሰዋለሁ። የምትረጭ ድመት ወለል ላይ ብቻ አትረጭም።

ዘመናይ

ኤስፒሲን ሁላችሁም ዝም አላችሁት። እኛ ቤት ሁለት ክፍል አስነጥፈናል። አሸዋና ሲሚንቶ ወደ ቤት አልገባም፣ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ገጣጠሙት፣ በዚያው ቀን ዕቃ መለስን። ከሴራሚክ ለእግር ይለሰልሳል፣ ውሻችን አይንሸራተትበትም፣ ውሃ አያሳብጠውም። ላሜኔት ከሚሉት ጋር አታምታቱት፣ ላሜኔት ውስጡ የታመቀ የእንጨት ዱቄት ነው፣ አንድ ሌሊት ሽንት ከተኛበት ጠርዙ ያብጣል። ኤስፒሲ የድንጋይ ዱቄትና ፒቪሲ ነው። ስትገዙ የላይኛውን መከላከያ ንብር ውፍረት ጠይቁ፦ 0.3 ሚሊ ሜትር ለውሻ ያንሳል፣ 0.5 ይሁን።

ባለ ውሃ ልክ

ዘመናይ ልክ ነህ፣ ሁለት ነገር ጨምርበት። ቁራጩ ውሃ አይጠጣም፣ በመገጣጠሚያው ግን ሽንት ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ስር ገብቶ ይተኛል፣ ሴራሚክ ስር እንደሚሆነው። ወዲያው የሚጠረግ ከሆነ ችግር የለውም፤ ቀን ቤቱ ተዘግቶ የሚውል ከሆነ ግን አስቡበት። ሌላው ሙቀት ነው። ፒቪሲ ይለጠጣል። በድሬ ፀሐይ፣ መጋረጃ በሌለው ትልቅ መስታወት ስር ወለሉ ተነስቶ ጉብታ ሲሠራ አይቻለሁ። በግድግዳው ዙሪያ ክፍተት ይተው፣ መጋረጃ ይኑር፣ ከባድ ቁም ሳጥን ከሁለት ጫፍ ቆንጥጦ አይያዘው። ስሩም ልክ ይሁን፤ በ3 ሜትር ርዝመት ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከፍ ዝቅ ካለ መቆለፊያው ይሰበራል።

ተከራይ ነኝ

የራሳቸው ቤት ያላቸው ሰዎች ወሬ ደስ ይላል 😄 ለእኛስ? አከራዬ ሚስማር እንኳን እንድመታ አትፈቅድም፣ ድመቴን ያወቀችው ራሱ በቅርቡ ነው።

ደቻቱ ማዶ

ፕላስቲክ ምንጣፍ ነዋ። ወፍራሙን ግዛ፣ ሳይለጠፍ ዘርጋው፣ ስትወጣ ጠቅልለህ ውጣ። ሁለቱ ጥቅል የሚገናኙበትን ቦታ ድመቷ ከምትወደው ጥግ አርቀው።

የእንስሳት ጤና

በየሳምንቱ ጠርዙን አንስተህ ስሩን እይ። ከላይ ጸድቶ ከስር የሚገማ ቤት ብዙ ገብቻለሁ።

ከዚራ ጥላ

አያቴ ቤት፣ ከዚራ፣ ያ የድሮው ጌጥ ያለው የሲሚንቶ ንጣፍ ነበር፤ አበባ፣ ኮከብ፣ ግራጫና ቀይ። ቀን ስንገባ ሙቀቱን ከእግራችን ይቀበለን ነበር። አሁን ወራሾቹ ሊነቅሉት ነው፣ «አርጅቷል» ብለው። እባካችሁ የድሮ ቤት ውስጥ ሞኬት ስታነሱ ስሩ ይሄ ከወጣ አትቸኩሉ። አሳሹት፣ ሰም ቀቡት። አዲሱ ሁሉ እዚያ ጋ አይደርስም። አቼቶና ሎሚ ግን እንዳታስነኩት፤ ሲሚንቶም እብነ በረድም ቴራዞም አሲድ ይበላቸዋል።

የሳቢያን ቤት

ሞኬቱ ተነሳ። ባለ ውሃ ልክ፣ በባትሪው ያየነውን ብነግርህ አታምነኝም። እናቴ ጥጉን አይታ «ይሄን ሁሉ ጊዜ እዚህ ላይ ቡና ሳፈላ ነበር?» ብላ ቁጭ አለች። የሶፋው ጀርባ ያለውን ሊሾ ሊቀረቅሩልን ነው፣ ሌላውን በፐሮክሳይዱ ፈትገን እየናፈሰ ነው። ድመቷም ታየች፣ የሽንት መስመር ሕመም ነበረባት፣ መድኃኒት ጀምራለች።

ውሳኔው ይህ ነው፦ ሳሎኑና የእናቴ መኝታ ቤት 60 በ60 ደብዛዛ ፖርሰሊን፣ የአሸዋ መልክ፣ መስመሩ ግራጫ። የኔ መኝታ ቤት እንስሳ ስለማይገባ ኤስፒሲዬን አልተውም፤ እናት ከመጋላ እንዳሉት እንግዳም ይሰግድበታል። ወንድሜ አኩርፏል፣ ይለፍለታል።

የቀረኝ ጥያቄ የካርቶኑ ስሌትና በሩ ነው። በሮቹ ብረት ናቸው፣ ከሊሾው በላይ ያላቸው ክፍተት ለሞኬቱ የተሠራ ነው፣ አንድ ጣት እንኳን አይሞላም።

ባለ ውሃ ልክ

ካሬውን ለክተሽ 10 በመቶ ጨምሪ፣ ለቁራጭና ለስብራት። ሁሉንም ካርቶን አንዴ ግዢ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው የምርት ቁጥርና የቀለም ምልክት አንድ ዓይነት መሆኑን ሳይጫን እዪ፤ በኋላ የሚመጣው በስሙ አንድ ሆኖ በመልኩ ይለያል። ጥቂት ሴራሚክ አልጋ ስር አስቀምጪ። ዋጋ አልጽፍም፣ እስክታነቢው ይቀየራል።

በሩን በተመለከተ፣ በአሸዋና ሲሚንቶ ከተነጠፈ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይነሳል፣ ይሄ በብረት በር ትልቅ ሥራ ነው። ሊሾሽ ልክ ከሆነ ግን በፋብሪካ ማጣበቂያ በስሱ ይነጠፋል፣ ከነሴራሚኩ ከ1.5 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ማጣበቂያው በጥርሳሙ ማንኪያ ሙሉውን ይቀባ፤ አራት ጥግና መሃል ላይ ጉብ ጉብ አድርጎ የሚለጥፍ ሰው ከመጣ አስቁሚው፣ ስሩ ባዶ የሆነ ሴራሚክ የሶፋ እግር ሲያርፍበት ይሰነጠቃል። ሥራው ሲያልቅና ሲደርቅ በሳንቲም እያንኳኳሽ ዙሪ፣ ባዶ ድምፅ የሰጠው ተነቅሎ ይለጠፍ፣ ሂሳብ ከመክፈልሽ በፊት።

ለበሩ ብየዳ የሚሠራ ሰው ከሴራሚኩ በፊት ይምጣ። ከማጠፊያው አውልቆ ግቢ አውጥቶ ታችውን በግራይንደር ይቁረጠው፣ የተከፈተውን ጠርዝ በላሜራ ይበይደው። ቤት ውስጥ እንዲቆርጥ እንዳትፈቅጂለት። ፍንጣሪው አዲስ ሴራሚክ ላይ ካረፈ የዝገት ነጥብ ሆኖ ይቀራል፣ በምንም አይለቅም።